የሰዓት ያዡ ሰዓት

መስከረም 18 ቀን

ለውድ የወንድሜ ልጅ፣ ለአንደኛ፣

ይህች ወረቀት ስትደርስህ በጤናህ፣ በሥራህና በሆድህ ደህና ሆነህ ታግኝህ። ሆድህን ለይቼ የጠራሁት የላክኸውን ፎቶ ስላየሁ ነው። ባለቤቴ «ይኼ ልጅ ለሁለት ሰው ነው የሚበላው» አለች። እኔ ግን ዘመድ ነኝና ካሜራው ነው ያወፈረው ብዬ ተሟገትኩልህ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እስከ ዛሬ የላክሃቸውን ፎቶዎች ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ደርድሬአቸዋለሁ፤ በሁሉም ላይ ግራ እጅህ ኪስህ ውስጥ ናት። ብርድ ነው ወይስ ኩራት? ሆቴል በር ላይ እንግዳ የሚቀበል ሰው እኮ ሁለት እጅ ሊኖረው ይገባል።

እኛ ደህና ነን። ሱቄም አለች፤ ወንበሯ ይንቋቋል፣ በሯ ይንቋቋል፣ ባለቤቷም መንቋቋት ጀምሯል። ሥራው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሰው የሚያመጣልኝ ባትሪ ቀይርልኝ ለማለት ነው። ውድ ሰዓት ያለው ሰው ከሱቄ ደጃፍ ሲደርስ እጅጌውን ወደ ታች ይስባል። ምክንያቱን ታውቃለህ።

አዎ፣ ስለዚያ ሰዓት ነው የምጽፍልህ። አባትህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሩጫ ሜዳ ዳር ቆሞ ሰዓት ሲይዝ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ጊዜያቸውን ሲይዝላቸው የነበሩት ሯጮች አዋጥተው የገዙለት ክሮኖግራፍ፣ ሩጫ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ነበር። ነፍሷን ይማርና እናትህ «የተጋባኸው ከእኔ ነው ከሰዓቱ?» ትለው ነበር። ያንን ሰዓት ለጽዳት አመጣልኝ። ዓርብ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሰኞ ስመጣ መሳቢያው እንደ ተቆለፈ ነው፣ ሰዓቱ ግን የለም። አንተ ለመንገድ ሻንጣ የምታስርባት ሳምንት ስለነበረች ዘመኑ አይጠፋብኝም፤ ዘጠኝ ዓመት ሞላው።

አባትህ ያን ቀን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስንት ሸጥከው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። በአንድ ግቢ እየኖርን፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን፣ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ የሚሰጠው ለግድግዳው ነው። እኔም ግድግዳውን ወክዬ «ደህና ነኝ ጋሼ» እላለሁ። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

እንግዲህ በግንቦት ሰባ ዓመት ይሞላዋል። የድሮዎቹ ሯጮች፣ አሁን ደረጃ ሲወጡ ሦስት ጊዜ የሚያርፉት፣ ሜዳው ላይ ሊሰበሰቡለት አስበዋል። እኔም በዚያ ቀን ያንኑ ዓይነት ሰዓት እጁ ላይ ላስርለት ቆርጫለሁ። አዲሱ የማይሞከር ነው። አንተ ያለህበት ከተማ ግን ያገለገሉ ውድ ሰዓቶች የሚሸጡባቸው ሱቆች እንዳሉ እዚያና እዚህ የሚመላለሰው ጨርቅ ነጋዴ ነግሮኛል። ያው ሳልባጅ ነው፤ ወርቅ ቤት ስለገባ ስሙን ቀየረ እንጂ። ጥቁር ፊት፣ ሦስት ትንንሽ ክቦች፣ የብረት አካል፣ በጎኑ ሁለት መጫኛ፣ በእጅ የሚሞላ። ሞተሬን ሸጬ ገንዘቡን በነጋዴው በኩል ልኬልሃለሁ። እግሬም መንገዱን አስታውሶታል።

እኔ ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ ቢሆንም አርባ ዓመት የሰዓት ሆድ ስከፍት ኖሬአለሁና ምክሬን ስማ። ብልጭልጩን አትይ። ጠርዙ እንዳለቀ ሳሙና የተሟለለ ከሆነ ብዙ ተወልውሏል ማለት ነው። ላይኛውን መጫኛ ስትጫን ቆጣሪው ሳይንቀጠቀጥ ይነሣ፤ ታችኛውን ስትጫን ልክ ዜሮው ላይ ይመለስ። ሳጥንና ወረቀት ካለው ጠይቅ። ከሁሉ በላይ ጀርባውን ሳታስከፍት እንዳትገዛ። ሻጩ አልከፍትም ካለህ አመስግነህ ውጣ።

አንተን የላክሁህ ከዘመድ ሁሉ ዓይንህን ስለማምን ነው። ክፍልህ ውስጥ አንደኛ ስትወጣ ያወጣሁልህን ስም እስካሁን አልሻርኩትም።

ናፋቂህ አጎትህ


ኅዳር 4 ቀን

ለክቡር አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እትዬስ እንደምን ናቸው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው፤ በሆቴሉ የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ አድርገውኛልና ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ አላውቅም።

ገንዘቡ ደርሶኛል። ስለ ሰዓቱ ብዙ ቦታ ጠየቅሁ። በሱቆቹ ያለው ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። እንደ ዕድል ሆኖ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አገኘሁ። ባሏ ሐኪም ነበር፤ ሰዓቱ የእሱ ነው፤ ልክ እርስዎ እንዳሉት ዓይነት ነው። የምትጠይቀው ግን ከላኩት በሲሶ ይበልጣል። ሌላ ገዢ ሳይቀድመን ቢፈጥኑ መልካም ነው።

አባቴን ሰላም በሉልኝ። በእርግጥ ሌላ ሰዓት ቢሰጡት ደስ ይለዋል ብለው ያስባሉ? ካልሆነ ገንዘቡን ለራስዎ ቢያደርጉትም አልቃወምም።

አክባሪዎ


ኅዳር 26 ቀን

ለአንደኛ፣

ሹመትህን ሰምተን ደስ ብሎናል። ባለቤቴ ለጎረቤት ስትነግር የሆቴሉ ባለቤት አድርጋሃለች፤ እስክትመጣ ድረስ ሆቴሎቹን ሁለት ሳታደርሳቸው አትቀርም።

ለራስህ አድርገው ያልከኝን አነበብኩት። ልጄ፣ እኔ ለራሴ ሰዓት ምን ያደርግልኛል? ግድግዳዬ ላይ አሥራ አራት አለ፤ አሥራ አራቱም የተለያየ ነገር ይናገራሉ። አባትህ ደስ ይለው እንደሆነ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን ሌባ ተብዬ በአንድ ግቢ ኖሬአለሁና ቢያንስ ባዶ እጄን አልሙት። የጠፋው በእኔ እጅ ነው፤ የሚተካውም በእኔ እጅ ይሁን።

ቀሪውን ልኬአለሁ። ትንሿን የብረት መቅረጫ ማሽኔን ሸጥኳት። ገዢው ሲወስዳት ባለቤቴ ከበር ቆማ እንደምትዳር ልጅ ሸኘቻት። ከእንግዲህ የተሰበረ ዘንግ ራሴ ልቀርጽ አልችልም፤ ግን ማን የተሰበረ ዘንግ ያመጣልኛል?

ያቺን የሐኪም ሚስት አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ጀርባውን ታስከፍትና ሆዱን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። የማያት እንደ ሙሽራ ነው፤ አስቀድሜ ልያት።

አጎትህ


ጥር 19 ቀን

ለክቡር አጎቴ፣

ጤናና ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። ሰዓቱን በጨርቅ ነጋዴው እጅ ልኬአለሁ። ከራሴ ገንዘብ ጨምሬ በደንብ አስወልውየዋለሁ፣ ማሰሪያውንም በአዲስ ቆዳ ቀይሬዋለሁ፤ ይህ የእኔ ስጦታ ይሁንልኝ። ሳጥንና ወረቀት የለውም፤ ሴትዮዋ ቤት ስትቀይር ጠፍቶባታል።

ፎቶውን በተመለከተ ይቅርታ። ጀርባው ከተከፈተ ዋስትናው ይበላሻል ስላሉኝ ተውኩት። እርስዎም ባይከፍቱት እመርጣለሁ፤ በደንብ እየሠራ ነውና የሚሠራ ነገር ባይነካ ይሻላል። እንዲያው ተቀብለው ለአባቴ ይስጡልኝ።

አክባሪዎ


የካቲት 11 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሰዓቱ ደርሷል። ነጋዴው ሸሚዝ ጥቅል መሃል ደብቆ ነው ያመጣልኝ።

ሲያበራ ዓይን ይወጋል። ጠርዙ እንዳለቀ ሳሙና ነው፤ ምክሬን ገልብጠህ ሰማኸው ማለት ነው። ሞላሁት፣ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት፣ ደስ አለኝ። ላይኛውን ተጫንኩ፣ ቆጣሪው ተነሣ። ታችኛውን ስጫን አውራ ጣቴ የሆነ ነገር ነገረኝ። ዝም በል አልኩት። አንድ ጊዜ ደግሜ ተጫንኩ። መጫኛው ከመመለሱ በፊት ሰው ትንፋሽ እንደሚውጥ ቆም ይላል። አንድ የማውቀው ሰዓት እንዲህ ያደርግ ነበር። ላስተካክለው ብዬ አባትህ «ተወው፣ ጠባዩ ነው» ብሎ ከልክሎኝ ነበር።

ከዚያ ዋስትናው ትዝ አለኝ። ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ ለሸጠችው ሰዓት ዋስትና ስትሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ከፈትኩት።

አሁን ስለ አይጥ ላጫውትህ። ልጅ ሳለሁ የአባትህን የደወል ሰዓት ፈትቼ መግጠም ቢያቅተኝ «አይጥ በላው» አልኩ። አባትህ «ካቻቢቴ የያዘች አይጥ» አለ። ሳቀና ለእናታችን ሳይነግርብኝ ቀረ። ሙያ ስይዝ ለሥራዬ ምልክት ፈለግሁ፤ ዲፕሎማ የለኝም፣ ማኅተም የለኝም። እናም የከፈትኩት ሰዓት ሁሉ ክዳኑ ውስጥ፣ በመርፌ ጫፍ፣ አንዲት አይጥ እጭራለሁ፤ ከጭራዋ ሥር ወሩንና ዓመቱን። በባዶ ዓይን አትታይም። ባለ ሰዓቱም አያውቅም። አንተ እዚህ ሱቅ በሩ አጠገብ ሁለት ክረምት ተቀምጠሃል፤ የምታየው ግን መንገደኛውን ነበርና አታውቃትም።

በሐኪሙ ሰዓት ክዳን ውስጥ አይጤ ተቀምጣለች። አባትህ ሰዓቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስጸዳበት ወርና ዓመት ከጭራዋ ሥር አለ። ከጎኗ ደግሞ የሌላ ባለሙያ ጭረት አለ፤ በንጹሕ እጅ የተጻፈ፤ የአንተ ከተማ ስም በአጭሩ፣ ወር፣ ዓመት። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው፣ ሰዓቱ ከመሳቢያዬ ከጠፋ በአምስተኛው ወር ነው።

ማጉያዬን ከዓይኔ አውጥቼ ቀና አልኩ። ፎቶዎችህ ከፊቴ ናቸው። ግራ እጅህ በሁሉም ኪስህ ውስጥ ናት።

የመሳቢያው ቁልፍ ከግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ እንደሚንጠለጠል የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን። ባለቤቴን ጠርጥሬአታለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትተኛ ፊቷን አይ ነበር። ከእሷ ስጨርስ ራሴን ጠረጠርኩ፤ ምናልባት የሆነ ቦታ አስቀምጬ ረስቼው ይሆን ብዬ የሱቁን ወለል ሳይቀር ነቅያለሁ። ሦስተኛውን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። ለመንገድህ ኮቴን ያለበስኩህ እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው፣ ሰዓቱን ይዘኸው የሄድከው በእኔ ኮት ኪስ ነው።

ለአባትህ አልተናገርኩም። አንተ ራስህ ጻፍለት። እስከ ግንቦት ጊዜ አለህ።

አጎትህ


ሚያዝያ 15 ቀን

ለአጎቴ፣

ምን ብዬ ሰላምታ እንደማቀርብ አላውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ጀምሬ ስቀድ ነበር።

እውነት ነው። ያን ዓርብ እርስዎ ምሳ ሲሄዱ ቁልፉን አነሣሁ። እዚህ ደርሼ ገንዘቤ ሲያልቅ ልሸጠው ወሰድኩት። ሱቁ ከፍቶ አጸዳውና ዋጋ ነገረኝ። የዚያኑ ቀን ግን ለሥራ ጠርተውኝ ስለነበር አስሬው ገባሁ፤ የጠየቀኝ ሰው ከእኔ ይልቅ እጄን አየ፤ ሥራውን አገኘሁ። ከዚያ በኋላ መሸጥ አልቻልኩም፤ ካለሱ እንደ ሰው የሚያዩኝ አልመሰለኝም።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሰዓቱ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ተገኘ ብዬ ነበር። ገንዘቡን መመለስ ነበረብኝ። ነገር ግን የቤት ኪራይ ተደራርቦብኝ ነበር። ስለ ሐኪሙ ሚስት ስጽፍልዎ እጄ አለመንቀጥቀጡ ነው ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

አጎቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ለአባቴ አይንገሩት። ልቡ ደካማ ነው፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም። እኔን በዚህ ካወቀኝ በሕይወቴ ዓይኑን ቀና ብዬ አላየውም። እርስዎ ግን ዘጠኝ ዓመት ችለውታል፤ ለምደውታል። ለእኔ ብለው ትንሽ ይቻሉት።

ያጠፋው ልጅዎ


ግንቦት 23 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን አለህ? እኔ አለሁ።

ለምደውታል ያልካትን ቃል አሥር ጊዜ አነበብኳት። ደህና የተሠራች ቃል ናት፤ የትኛው ጥርሷ የትኛው ላይ እንደሚገባ ለማየት ፈታሁና ገጠምኳት። አዎ፣ ለምጄዋለሁ። ጥርስ የሌለውም ሰው ድድን ይለምዳል።

ስለ ሜዳው ልንገርህ። ሃያ የሚሆኑ ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ የድሮ የመቶ ሜትር ሯጭ ከመኪናው እስከ ወንበሩ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አባትህ በኪስ ስልኩ ይዞ ጮክ ብሎ ነገረው፤ ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ባለቤቴ ግፋ ግፋ አለችኝ። ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ። «ጋሼ፣ የጠፋብህን ዓይነት ከውጭ አስገዝቼልሃለሁ» አልኩት። አባትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን ሳይሆን እኔን አየ። እጁን ዘረጋልኝ። አሰርኩለት።

ታችኛውን መጫኛ ላስተካክለው እችል ነበር። ወረንጦና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አልነካሁትም። ለምን እንዳትለኝ።

ዓይኑን ጨፈነ። ላይኛውን ተጫነ፣ አቆመ፣ ታችኛውን ተጫነ። ደገመ። ለሦስተኛ ጊዜ ደገመ። ዓይኑን ሲገልጥ ግን ፊቱ የነበረው ፊት አልነበረም።

«ይኼ የእኔው ነው» አለ። «ዘጠኝ ዓመት የት ደብቀኸው ነው?»

ሃያ ሰው ሰማ። አንዱ ሊያጨበጭብ ያነሣውን እጅ በአየር ላይ ተወው። ባለቤቴ አፏን ከፈተች፤ እጇን ያዝኳት። ሰው ሁሉ የገባው መሰለው፤ ሌባው ሲያረጅ ጸጸተውና መለሰ። አንድ ሁለቱ እንዲያውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «መመለሱም ወንድነት ነው» አሉኝ። በፊት የተጠረጠርኩ ሰው ነበርኩ፤ አሁን የሰረቀ ሰው ሆንኩ። በሞተሬና በማሽኔ የገዛሁት ይህንን ነው።

ያኔ አንድ ቃል ብናገር ነጻ ነበርኩ። አልተናገርኩም። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ሰባ ዓመት በሞላው ቀን፣ በጓደኞቹ ፊት፣ ልጁን እንዳያጣ ብዬ ነው። ቀኑ ግን አልፏል። ከእንግዲህ ያለው ቀን ያንተ ነው። አንድ ገጽ ጻፍለት። ግማሽም ይበቃል።

አጎትህ


ሐምሌ 24 ቀን

ለክቡር አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። በሜዳው የሆነውን አንብቤ አዘንኩ። የላኩልኝን ገንዘብ ግማሹን በጨርቅ ነጋዴው በኩል መልሻለሁ፤ ቀሪውን በየወሩ እከፍላለሁ። ለእትዬም ጫማ ልኬአለሁ።

ለአባቴ መጻፍን በተመለከተ፣ በወረቀት የሚባል ነገር አይደለም። በመጪው ዓመት ፈቃድ ካገኘሁ መጥቼ በአካል እነግረዋለሁ። እስከዚያው የሚያዝያውን ደብዳቤዬን ቢያቃጥሉልኝ ደስ ይለኛል። ሰው እጅ ቢገባ ጥሩ አይደለም።

በቅርቡ ከሆቴሉ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ስለምዛወር አድራሻዬ ሊቀየር ይችላል።

አክባሪዎ


ነሐሴ 27 ቀን

ለአንደኛ፣

ይህች ደብዳቤ በአሮጌው አድራሻህ ታገኝህ እንደሆነ አላውቅም፤ በነጋዴው እጅ የላክሁት ለዚያ ነው። እሱ ሰው ፈልጎ አያጣም።

በመጀመሪያ ያዘዝከኝን ፈጽሜአለሁ። የሚያዝያውን ደብዳቤ እዚሁ ሱቅ፣ በብረት ሳህን ላይ አቃጥዬዋለሁ። ባለቤቴ ምሥክር ናት። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የድሮ ደረሰኝ ነው አልኳት። ሁለት ዓመት የጠረጠርኳት ሴት ዘንድ አንድ ተጨማሪ ውሸት አስቀመጥኩልህ። ገንዘብህንም መልሼልሃለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር ታገኘዋለህ። ጫማው ለእሷ ጠበባት፤ እሱም ተመልሷል።

ሁለተኛው ጉዳይ ረዘም ይላል፤ ተቀምጠህ አንብበው።

በዚህ ወር መጀመሪያ የአባትህ ሰዓት መቅደም ጀመረ። በቀን አራት ደቂቃ። ለማንም ሰው አራት ደቂቃ ምንም አይደለም፤ ለሰዓት ያዥ ግን በሽታ ነው። ትልቁ ሕንፃ ሥር ወዳለው አዲስ ሱቅ ወሰደው። እዚያ ያሉት ባትሪ የለውም ብለው ደነገጡ፤ ውጭ አገር መላክ አለበት አሉት። «ከዚያማ ነው የመጣው ይላሉ» ብሏቸው ወጣ። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ የሱቁ ጥበቃ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስል አባትህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያልረገጣትን ደፍ ረግጦ ገባና በምትንቋቋዋ ወንበር ላይ፣ ልክ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሰዓቱን ፈትቶ ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። ከኋላዬ ላለው ግድግዳ «እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ ይሠራ» አለው። ደግሞ እንዳልሰርቀው ነው። እኔም ለግድግዳው ጠጋ እንዲል ነገርኩት፤ ከሩቅ ሌባ አይያዝም አልኩ። አልሳቀም።

ልማልልህ እችላለሁ፤ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሥራዬን ነው የሠራሁት። የሚቀድም ሰዓት ጀርባው ሳይከፈት አይታከምም። ክዳኑን ፈትቼ ገልብጬ ጨርቁ ላይ አኖርኩት፤ ሁልጊዜ የማኖረው እንደዚያ ነው፤ ውስጡ ወደ ላይ። አባትህ እጄን ሲጠብቅ ቆየና ብርሃን ክዳኑ ላይ ሲወድቅ የሆነ ነገር አየ። እጁን ዘርግቶ «ማጉያህን» አለ። ልብ በል፤ ለግድግዳው አይደለም።

ሰጠሁት።

መጀመሪያ ያገኘው አይጧን ነው። ወዲያው አወቃት። ጉሮሮው ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየሁትም። «ካቻቢቴ የያዘችዋ» አለ። ጭራዋ ሥር ያለውን ወርና ዓመት በቀስታ አነበበ። ከዚያ ክዳኑን ትንሽ አዞረ።

ያን ከተማ ስም በየፖስታህ ጀርባ ያነበዋል። ሊሳሳተው አይችልም። ቀጥሎ ያለውን ወር አነበበ፣ ዓመቱን አነበበ። ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አንድ፣ ሁለት፣ እያለ ከመጥፋቱ ወዲህ ያሉትን ወራት ቆጠረ። ሠላሳ ዓመት የሰው ጊዜ ሲያሰላ የኖረ ሰው ነው፤ አምስት ለመቁጠር ይህን ያህል ሲቆይ አይቼው አላውቅም። አምስተኛው ጣት ላይ ሲደርስ አላነሣውም። እዚያው ተጭኖት ቀረ።

እኔ ወረንጦዬን ይዤ ጸጉር የምታክለውን ሽቦ እያስተካከልኩ ቀና አላልኩም። አባትህ ማጉያውን ከዓይኑ አወጣ። ቀና ብሎ ከጠረጴዛዬ በላይ ያሉትን ፎቶዎችህን ከዳር እስከ ዳር አየ። አንድ በአንድ። ግራ እጅህን ይፈልግ እንደነበር ገባኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለኝ።

«ከየካቲት።»

«ሜዳው ላይ ስጠይቅህስ?»

«አንተ የጠየቅኸኝ የት ደበቅኸው ብለህ ነው፤ እኔ ደግሞ አልደበቅሁትም» አልኩት። ልቀልድ ብዬ ነበር።

ምን እንዲለኝ እንደጠበቅሁ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በልቤ ስለማመደው የኖርኩት ነገር ነበር፤ ይቅርታ ይለኛል፣ እኔም ትንሽ አስለፋውና እስቃለሁ። አላለኝም። እኔም እንዲለኝ አልፈለግሁም፤ በዚያች ቅጽበት ሁለታችንም ያጣነው አንድ ልጅ ነበርና የትኛችን የትኛችንን እንደምናጽናና አልታወቀንም። «ዝጋው» ብቻ አለ።

ዘጋሁት። ከመዝጋቴ በፊት ግን መርፌዬን አነሣሁና ሁለተኛ አይጥ ጫርኩ፣ ከጭራዋ ሥር ነሐሴን ጻፍኩ። እያየ ነበር። አልከለከለኝም።

ሰዓቱን ሳቀብለው አልተቀበለኝም። መሳቢያውን በአገጩ አሳየኝ። «እዚያ ይሁን» አለ። «ቁልፉ ካንተ ጋር ይሁን።» ተነሣና ወደ በሩ ሄደ። ወንበሯ ተንቋቋች፣ በሯ ተንቋቋች። ደፉ ላይ ቆም ብሎ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ለልጁ ደብዳቤ መቼ እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ዛሬ ነገ ሳልል እጽፋለሁ አልኩት።

«ሰዓቱ ደርሶኛል ብሏል በለው» አለ።

ይኸው ብዬሃለሁ።

አጎትህ